ስለ ግማሽ ዕድሜ፤ የኦሞ ዐፈር ዓመቱ እንዴት እንደሚቈጠር

ከጂንካ ከተማ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የጻፈልን ደብዳቤ ባለፈው ወር ደርሶናል። ተማሪው በትምህርት ቤቱ ስለ ቍጥር ተርታዎች በመማር ላይ ሳለ፥ በዚያው ሰሞን በቤቱ ስለ ኦሞ ኪቢሽ ራስ ቅል ክርክር ተነሥቶ ኖሯል። የክርክሩም ምክንያት ይህ ነው፤ ከኦሞ ወንዝ አካባቢ የተገኘው የሰው ራስ ቅል በመጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው ተባለ፤ ቈይቶ 195 ሺህ ተባለ፤ ከዚያም ከ233 ሺህ ይበልጣል ተባለ። ቡና በመነገድ የሚተዳደሩት አባቱ፥ አንዱን ዕቃ ሦስት ጊዜ መዝኖ ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥር የሚናገር ነጋዴ ሚዛኑ ሊመረመር ይገባዋል ብለዋል። ልጁ ግን በዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድርን ትምህርት ሊማር ያስባልና የአባቱ ቃል እጅግ አስጨንቆታል። አባቱም የልጃቸውን የወጣትነት ዘመን ሲለዋወጥ በሚኖር ቍጥር ላይ እንዲያጠፋ እንደማይፈቅዱ በደብዳቤው ገልጦልናል።

እኛም የአባትየውን ጥያቄ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ሚዛኑ ሳይታይ ዕቃ መግዛት የብልህ ሰው ሥራ አይደለምና። ስለዚህ በዚህ ወር ሚዛኑን ራሱን ፈትተን ለአንባቢዎቻችን ለማሳየት አስበናል። ለዚህም ከፍ ያለ ትምህርት አያስፈልግም፤ መደመርና ማባዛት፥ ለሁለትም መክፈል የሚችል የቤተ ሰብ አባል ሁሉ ሊከተለን ይችላል።

ቍጥሮች ተሰልፈው የሚሄዱባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልጉን ግን ሁለት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው፥ ተማሪዎች አሪትሜቲክ የሚሉት፥ በየደረጃው አንድ ዓይነት ቍጥር የሚጨመርበት ወይም የሚቀነስበት ተርታ ነው። ይህ ተርታ ለኦርቶዶክሳውያን ቤቶች እንግዳ አይደለም፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የየዓመቱን አበቅቴ የሚያወጡት በዚሁ ነውና። ወንበሩ በየዓመቱ በ1 ሲጨምር አበቅቴው በ11 ይጨምራል፤ ከ30 ሲያልፍም 30ው ይገደፋል። በ2016 ዓ.ም. አበቅቴ 20 ነበረ። በ2017 ዓ.ም. 31 ሆኖ 30 ቢገደፍ 1 ቀረ። ለ2018 ዓ.ም. 12፥ ለ2019 ዓ.ም. 23 ይሆናል። መጥቅዕ ደግሞ በአንጻሩ በ11 እየቀነሰ ይሄዳል፤ 10፥ 29፥ 18፥ 7። የአንዱ ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ናቸው። በ19 ዓመት አንድ ጊዜ በ11 ፈንታ 12 የሚጨመርበት ዓመት አለ፤ ስለዚህ ግን በየአጥቢያችሁ ያሉት መሪጌቶች ከእኛ ይልቅ ይናገሩ።

ሁለተኛው ተርታ፥ ተማሪዎች ጂኦሜትሪክ የሚሉት፥ በየደረጃው በአንድ ዓይነት ቍጥር የሚባዛ ወይም የሚከፈል ነው። የሁለቱን ልዩነት ለማየት ወደ ጎተራ እንሂድ። በአንድ ቤት 64 ቁና ማሽላ አለ እንበል። የቤቱ እመቤት በየሳምንቱ 8 ቁና ብታወጣ፥ የሚቀረው 56፥ 48፥ 40፥ 32፥ 24፥ 16፥ 8 እያለ ይወርድና በስምንተኛው ሳምንት ጎተራው ባዶ ይሆናል። ጎረቤቷም በበኩሏ 64 ቁና አላት፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የምታወጣው በጎተራው ካገኘችው ግማሹን ነው። ለእርሷ የሚቀራት 32፥ 16፥ 8፥ 4፥ 2፥ 1 እያለ ይሄዳል፤ ከዚያም ግማሽ ቁና፥ ከዚያም ሩብ። በአራተኛው ሳምንት የመጀመሪያይቱ 32 ቁና ሲኖራት ሁለተኛይቱ 4 ብቻ ቀርቷታል። በስምንተኛው ሳምንት ግን የመጀመሪያይቱ አንዲት ፍሬ የላትም፤ የሁለተኛይቱ ጎተራ ገና ሩብ ቁና አለው። እንዲህ ያለ አወጣጥ ለባልትና የሚመከር አይደለም። በአቶሞች ዘንድ ያለው ሕግ ግን ይህ የሁለተኛይቱ ሕግ ነው።

አቶም ማለት ነገር ሁሉ የተሠራበት እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። አብዛኞቹ አቶሞች ጸንተው የሚኖሩ ናቸው፤ ጥቂት ዓይነቶች ግን አንድ ቀን ጨረር ሰደው ወደ ሌላ ዓይነት አቶም ይለወጣሉ። እነዚህን ራዲዮአክቲቭ እንላቸዋለን። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤከሬል ይህን ጠባይ በዩራኒየም ላይ በ1896 አገኘ፤ (በዚህ ጽሑፍ የዓ.ም. ምልክት የሌላቸው ዘመናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። አራት ዓመት ቈይቶ ኧርነስት ራዘርፎርድ በካናዳ፥ በሞንትሪያል ከተማ፥ ከቶሪየም የሚወጣውን ጋዝ ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ። የጋዙ ኃይል በአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ግማሽ ወረደ፤ በሚቀጥለው ደቂቃ የቀረው ሁሉ ይጠፋል ተብሎ ሲጠበቅ፥ የቀረው ግማሽ ብቻ ጠፋ፤ ቀጥሎም የዚያ ግማሽ። ያ ጋዝ በእመቤቲቱ ጎረቤት ሥርዓት ይኖር ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት፥ አቶም ስንት ጓደኞች እንደ ቀሩት ስለማያውቅ ነው። ለእያንዳንዱ አቶም በአንድ በተወሰነ ዘመን ውስጥ የመለወጥ ዕድሉ እኩል ነው፤ ሺህ ዓመት ቢቈይም አያረጅም፥ ዕድሉም አይጨምርም። ይህን ልጆች በቤት ሊፈትኑት ይችላሉ። 64 ሳንቲሞች ሰብስበው በሰፌድ ላይ ይወርውሩ፤ የአንበሳው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ የወደቀውን ሁሉ ያንሡ፤ የቀሩትን ደግመው ይወርውሩ። በመጀመሪያው ውርወራ 32 ያህል ይቀራሉ፤ 28 ወይም 37 ቢቀሩም አይደነቅ። ቀጥሎ 16 ያህል፥ ከዚያም 8 ያህል ይሆናሉ። በ64 ሳንቲም ላይ ይህ ማነስና መብዛት ይታያል፤ አቶሞች ግን በቢሊዮን ቢሊዮን ስለሚቈጠሩ መዛነፉ ከቍጥር የማይገባ ይሆናል። የአንዲቱን ሳንቲም ዕጣ ማንም አያውቅም፤ የብዙዎቹ ድምር ግን እንደ መዝገብ ነው።

እንግዲህ ከአንድ ዓይነት አቶሞች መካከል ግማሾቹ እስኪለወጡ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ስሙ ራሱ ሰውን የሚያሳስት ይመስለናል። ግማሹ ይህን ያህል ከሆነ ሙሉው እጥፉ ነው ብሎ የማያስብ ማን ነው? ለእንቅርት ሕመም በሐኪም የሚሰጠው አዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው። በ16 ቀን ያልቃል የሚል ሰው በመጀመሪያይቱ እመቤት ሥርዓት ቈጠረ፤ በ16 ቀን ገና ሩቡ አለ፤ በ24 ቀን ስምንተኛው፤ በ80 ቀን ግን ከ1,024 አንዱ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ ለሁለት መክፈል ከሺህ አንድ ያህል እንደሚያስቀር የሚያስታውስ ሰው ግማሽ ዕድሜን በሚመለከት ነገር ሁሉ ብዙ አይስትም።

ይህ ነገር ለቤተ ሰብ ኑሮ ሩቅ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናክላለን፤ ስለ እርሱ በልዩ ልዩ ጊዜ የጠየቁን ቤቶች አሉና። በአገራችን የካንሰር የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 ሲጀመር፥ መሣሪያው ጨረሩን የሚያገኘው ከኮባልት-60 ነበረ። በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አዳዲስ መሣሪያዎች ወደ አገራችን ገብተዋል። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። ኮባልቱ አዲስ በነበረ ጊዜ አንዲት በሽተኛ በመሣሪያው ሥር 2 ደቂቃ ትተኛ ነበረ እንበል። ከ5 ዓመት ከ3 ወር ያህል በኋላ ያንኑ የጨረር መጠን ለማግኘት 4 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ከ10 ዓመት ተኩል በኋላ 8 ደቂቃ። እናቱን ከሩቅ አገር አምጥቶ በደጅ የሚጠብቅ ልጅ፥ ከዓመታት በፊት ሌላዋ ዘመዱ በ2 ደቂቃ የወጣችበት ክፍል እናቱን ሲያቈያት ጨረሩ በዛባት ብሎ ሊሠጋ ይችላል። ነገር ግን አልበዛባትም። የኮባልቱ ኃይል በግማሽ እያነሰ ይወርዳል፤ ደቂቃው በእጥፍ እያደገ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው መጠን ያው ነው። ይህንንም ለማስተካከል ባለሙያዎቹ ሒሳቡን በየጊዜው ያድሱታል፤ ኮባልት-60 በየወሩ ከመቶ 1.1 ያህል ይቀንሳልና። በዚህ ሁሉ የሚጐዳው ወረፋው ነው። ደቂቃው እጥፍ ሲሆን በአንድ ቀን የሚታከሙት ሰዎች ቍጥር ያንሳል፤ ኮባልቱን በጊዜው መተካት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ይኸው ኮባልት ለከብት አርቢዎችም አገልግሏል። የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለማጥፋት በቃሊቲ በተቋቋመው ማራቢያ፥ ወንዶቹ ዝንቦች በኮባልት-60 ጨረር እንዲመክኑ ተደርገው ይለቀቁ ነበረ። ሴቲቱ ከመከነው ወንድ ጋር ስትገናኝ አትወልድም፤ ትውልዱም በየጊዜው በክፍልፋይ እያነሰ ይሄዳል። ይህም ራሱ የሁለተኛው ዓይነት ተርታ ነው፤ ገንዲ ለሚያስቸግራቸው ለኦሞ ቆላ አርቢዎች ሌላ ጊዜ ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ራስ ቅሉ እንመለስ። በ1967 ከኬንያ የመጣውና ሪቻርድ ሊኪ የሚመራው ቡድን በኪቢሽ አካባቢ፥ በኦሞ ወንዝ ዳር ከሚገኙት የደለል ንጣፎች፥ ዛሬ ኦሞ 1 እና ኦሞ 2 የሚባሉትን አጥንቶች አገኘ። የኦሞ 1 ስፍራ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራለት ኬንያዊው ካሞያ ኪሜው ነው። በዚያው ዓመት ከወንዙ በስተ ምዕራብ በሹንጉራ ንጣፎች ላይ ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ሊቃውንት ሥራቸውን ጀምረው እስከ 1976 ቈይተዋል፤ የታችኛው ኦሞ ሸለቆም በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ብዙ ሰው የጥንት አጥንት ዕድሜ ሁሉ በካርቦን-14 የሚታወቅ ይመስለዋል። ለኦሞ አጥንቶች ግን ካርቦን-14 አይረባም፤ ለምን እንደማይረባም ተርታው ራሱ ይነግረናል። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው። 195 ሺህን ለ5,730 ብናካፍል 34 እናገኛለን። ይህም ማለት ካርቦን-14ቱ 34 ጊዜ በግማሽ ተከፍሏል ማለት ነው። ሁለትን 34 ጊዜ ቢያባዙት ከ17 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ሕይወት ካለው ነገር በተወሰደ በአንድ ግራም ካርቦን ውስጥ 60 ቢሊዮን ያህል የካርቦን-14 አቶሞች አሉ። 60 ቢሊዮኑን ለ17 ቢሊዮን ብናካፍል የሚቀሩት ሦስት ወይም አራት አቶሞች ናቸው! የመርማሪው ላብ አንዲት ጠብታ ብትነካው ከዚያ የሚበልጥ አዲስ ካርቦን ታገባበታለች። ስለዚህ የ2,000 ዓመት ብራናን ወይም የ10,000 ዓመት ከሰልን የሚለካው ሚዛን ለኦሞ ራስ ቅል አይሆንም፤ የወርቅ ሚዛን ለቡና ጆንያ እንደማይሆን ሁሉ።

ስለዚህም ሌላ ሚዛን ተፈለገ፤ እርሱም ፖታሲየም-40 ነው። ይህ ነገር በድንጋይ ውስጥ አለ፥ በእንሰትና በሙዝ ውስጥ አለ፥ ይህን ጽሑፍ በሚያነበው ሰው ሥጋና ደም ውስጥም አለ። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። እዚህ ላይ የተማሪያችን አባት፥ ቢሊዮን ዓመት ቁጭ ብሎ የጠበቀ ማን ነው? ብለው ሳይጠይቁ አይቀሩም። መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ ግራም ፖታሲየም ውስጥ 1.8 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል የፖታሲየም-40 አቶሞች አሉ። ጨረር ቈጣሪ መሣሪያ ቢያስጠጉበት፥ በእያንዳንዱ ሰከንድ 31 ያህሉ ሲለወጡ ይቈጥራል። በዓመት ስናባዛው ወደ አንድ ቢሊዮን ይጠጋል። እንግዲህ በየዓመቱ ከ1.8 ቢሊዮን አቶሞች አንዱ ይለወጣል ማለት ነው። ነጋዴ ጎተራው መቼ እንደሚጋመስ ለማወቅ እስኪጋመስ አይቀመጥም፤ በጎተራው ያለውንና በቀን የሚወጣውን ካወቀ ይበቃዋል።

ሁለቱ ተርታዎች እጅግ የሚለያዩትም በዚህ ስፍራ ነው። በየዓመቱ የሚለወጡት አቶሞች ቍጥር ሁልጊዜ እኩል ቢሆን ኖሮ፥ ሁሉም በ1.8 ቢሊዮን ዓመት ያልቁ ነበረ፤ ግማሹም በ0.9 ቢሊዮን ዓመት ይጠፋ ነበረ። ነገር ግን የሚለወጠው ከቀረው ላይ የሚታሰብ ድርሻ ስለሆነ፥ የቀረው ሲያንስ የሚወጣውም ያንሳል። ስለዚህ ግማሹ የሚያልቀው ዘግይቶ፥ በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። የሒሳብ ተማሪዎች 1.8 ቢሊዮንን በ0.693 ሲያባዙ ይህንኑ ቍጥር ያገኛሉ።

ፖታሲየም-40 ከሚለወጠው ከመቶ 11 ያህሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል፤ የቀረው ካልሲየም ይሆናል። የሰዓቱ ጥበብ በአርጎን ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የቀለጠው ድንጋይ የነበረውን አርጎን እንደ እንፋሎት ይለቃል፤ በዚያች ሰዓት ሰዓቱ ዜሮ ላይ ይቆማል። ድንጋዩ ሲበርድና ሲጠነክር ግን ከዚያ ወዲህ የሚወለደው አርጎን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የታሰረውን ቈጥሮ፥ ከፖታሲየሙ ጋር አነጻጽሮ፥ ፍንዳታው ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። በዛሬው ዘመን ማዕድኑን አስቀድመው በኒውትሮን ይመቱና ከፖታሲየሙ ጥቂቱን ራሱን ወደ አርጎን-39 ይለውጡታል፤ ከዚያም ሁለቱን አርጎኖች በአንድነት ይለካሉ።

ልጃችን ሆይ፥ አሁን እርሳስህን አንሣ። በሺህ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የፖታሲየም-40 አቶሞች የሚለወጡት 0.55 ያህል ናቸው፤ ግማሽ አቶም እንደማለት ነው። በ10 ሺህ ዓመት 5.5 ይሆናሉ። በ195 ሺህ ዓመት 108። በ233 ሺህ ዓመት 129። የሁለተኛውን ተርታ ትተን በመጀመሪያው፥ በመደመሩ፥ እንደ ቈጠርን አስተውለህ ይሆናል። እንዲህ ማድረግ የተፈቀደው ዘመኑ ከግማሽ ዕድሜው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ስለሆነ ነው። ከሚሊዮኑ 108 ብቻ ከወጡ፥ የቀሩት 999,892 ናቸውና ድርሻው ከሙሉው ላይ ቢታሰብም ከቀረው ላይ ቢታሰብም ልዩነቱ አይታይም። ረጅሙ ጎዳና ዞሮ የሚሄድ ቢሆንም የመጀመሪያው ክንድ ቀጥ ያለ ይመስላል። በትምህርት ቤት ለየብቻ የተማርሃቸው ሁለቱ ተርታዎች በኦሞ አመድ ላይ ይገናኛሉ።

ከ108ቱም አርጎን የሚሆኑት 12 ያህል ብቻ መሆናቸውን አትርሳ። ከሚሊዮን አሥራ ሁለት! በዙሪያችን ያለው አየር ደግሞ ከመቶ አንድ እጅ ያህል አርጎን ነው፤ ይህም ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ ስለሚገባ ተለይቶ መቀነስ አለበት። በቍጥሩ አጠገብ ይህን ያህል ይጨምር ወይም ይቀንስ የሚል ቃል የሚጻፈው በዚህና ይህን በመሰለው ምክንያት ነው።

እነሆ ወደ ሦስቱ ቍጥሮች ደረስን። ሦስት ጊዜ የተመዘነው አንዱ ዕቃ አልነበረም። በመጀመሪያ የተለካው በንጣፉ ውስጥ የተገኘ የወንዝ ዛጎል ነበረ፤ ሚዛኑም በዩራኒየምና በቶሪየም የሚሠራ ሌላ ሚዛን ነው፤ ከዚያ የተገኘው 130 ሺህ ያህል ነበረ። ዛጎል ግን ከተቀበረ በኋላ ከከርሰ ምድር ውኃ ዩራኒየም ሊቀበል ወይም ሊያጣ ስለሚችል ለዚህ ሥራ ታማኝ ምስክር አይደለም። ቀጥሎ ኢያን ማክዱጋል፥ ፍራንሲስ ብራውንና ጆን ፍሊግል ከአጥንቶቹ ንጣፍ ከተገኘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት፥ በአርጎን ለክተው 195 ሺህ፥ 5 ሺህ ይጨምር ወይም ይቀንስ፥ ብለው በ2005 (በ1997 ዓ.ም.) አሳተሙ። ሦስተኛውን የሠራው በሴሊን ቪዳል የሚመራው ቡድን ነው፤ ውጤቱም በ2022 (በ2014 ዓ.ም.) ወጣ። ከኦሞ 1 በላይ ወፍራም የአመድ ንጣፍ አለ፤ አመዱ ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በቀጥታ ለመለካት አልተመቸም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የአመዱን ቅመም መረመሩ፤ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሻላ ሐይቅ ካለው የጥንት እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። በሻላ አጠገብ ያለው ትልቅ ድንጋይ ተለካ፤ 233 ሺህ፥ 22 ሺህ ይጨምር ወይም ይቀንስ፥ ተባለ።

ይህ የመጨረሻው ቍጥር የራስ ቅሉ ዕድሜ አይደለም፤ ከላዩ የወረደበት አመድ ዕድሜ ነው። የላይኛው ጆንያ የተጫነው ከታችኛው በኋላ ነውና፥ አጥንቱ ከአመዱ ይቀድማል። በጋዜጣ ላይ የራስ ቅሉ ዕድሜ 233 ሺህ ነው ተብሎ ሲጻፍ ስናይ የሚቈጨን ስለዚህ ነው፤ ቢያንስ የሚለው ቃል ተዘሏል። የፖታሲየም ግማሽ ዕድሜም ሚዛኑን አላዛነፈም፤ የተለወጠው በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ነገር ነው። የአባትየው ክስ በዛጎሉ ላይ ቢሆን እኛም እንስማማለን።

ይህን የሚያነቡ አንዳንድ ቤቶች ስለ ዓመተ ዓለም ይጠይቁናል። ባሕረ ሐሳብ ለአጽዋማትና ለበዓላት የሚቈጥርበት 5,500 ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ነው፤ ከላይ ያየነው አበቅቴም ከዚያ የወጣ ነው። የድንጋዩ ቈጠራ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አኑሮ ትርጓሜ መስጠት የዚህ ዐምድ ሥራ አይደለም፤ ይህን ጥያቄ ወደ መምህራንና ወደ ንስሓ አባቶቻችሁ አቅርቡት። እኛ የምንለው፥ ቍጥሩን ለመቀበልም ሆነ ለመንቀፍ የፈለገ ሰው አስቀድሞ እንዴት እንደተቈጠረ ይወቅ ነው።

ለጂንካው ተማሪ አንድ ሒሳብ ልከንለታል፤ በማታ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ቢሠራው ደስ ይለናል። በምናብ፥ ከራስ ቅሉ በታች ሌላ የአመድ ንጣፍ ተገኘ እንበል፤ ከአንድ ሚሊዮን የፖታሲየም-40 አቶሞቹም 150 ያህሉ ተለውጠው ተገኙ። አመዱ ከስንት ዓመት በፊት የወረደ ነው? ከእነርሱስ ስንቶቹ አርጎን ሆነዋል? የራስ ቅሉ ዕድሜስ ከዚያ ቍጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል? መልሱን ከነአሠራሩ በሚመጣው ወር እናወጣለን።